የእህል ነጋዴውና አሮጌው ሳንቲም

አንድ ሰው ነበረ። እህል ነጋዴ ነው፤ ሀብታምም ነው። ሀብቱን ያገኘው ሳያጭበረብር ነበር፤ ይኸ ደግሞ በነጋዴ ዘንድ ብርቅ ነው። ጤፍ ሲገዛም ሲሸጥም የሚሰፍረው በአንድ ቁና ነበር። ሌላው ነጋዴ መግዣ ቁናና መሸጫ ቁና ለየብቻ አለው፤ መግዣው ሰፊ፣ መሸጫው ጠባብ። የእሱ ግን አንድ ብቻ ነው። ዘመድ ቢመጣ በዚያው፣ ባላገር ቢመጣ በዚያው፣ ሹም ቢመጣም በዚያው ይሰፍራል። ስለዚህ ሰው «የእሱ ቁና አያዳላም» እያለ ሌላውን ሱቅ ሁሉ አልፎ እሱ ዘንድ ይሄድ ነበር።

ጥያቄህን ዘልዬ ተረት የጀመርኩብህ እንዳይመስልህ። «የኔታ፣ አዲስ የዜማ መምህር ስንሾም በአንዲት ስሕተት እንጥላለን። በወንበሩ ላይ ያረጀውን ግን ድምፁ ተሰብሮ፣ ቃሉ እየተቆራረጠ ዝም እንለዋለን። ይህ ሁለት ሚዛን መያዝ አይደለም ወይ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ሁለት ሚዛን መያዝ ኃጢአት መሆኑንም፣ ከእኔው የተማርከውን መልሰህ ለእኔው ነገርኸኝ። ቃልህ ልክ ነው። ገና ጢምህ ሳይጠና ፈታኝ ሆነህ መሾምህም ደስ ብሎኛል። እንግዲህ ተቀመጥና ስማ፤ ልክ የሆነ ቃል ያለ ስፍራው ሲውል ምን እንደሚያደርግ ልንገርህ።

ያ ነጋዴ ገንዘብ በበቃው ጊዜ እንደ እኩዮቹ ቤት በቤት ላይ አልሠራም፤ ሸንጎ ገብቶ ስም ልግዛም አላለም። ልቡ የሄደው ወደ ሳንቲም ነው። ለመገበያያ አይደለም፤ ለማየት፣ ለማኖር ነው። ሰው ይስቅበት ነበር። «ሌላው ሳንቲም ሰብስቦ እህል ይገዛል፤ እሱ እህል ሸጦ ሳንቲም ይገዛል» ይሉታል። ይስማ አይስማ እንጃ፣ መሰብሰቡን ግን አልተወም። አዲሱን ሳንቲም ከሚመታበት ቤት እንደወጣ፣ የሰው ጣት ሳይነካው፣ በመስተዋት ክዳን ሥር ያኖረዋል። አሮጌውንም ያኖራል፤ ጠገራውን፣ ከጠገራም በፊት የነበረውን፣ ገበሬ ከማረሻ ሥር የሚያወጣውን የጥንት ነገሥታት ሳንቲም።

ከሁሉ ይልቅ የሚመኘው አንድ ነገር ነበር። ነሐስ ሆኖ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወርቅ የተለበጠበት ሳንቲም እንዳለ ሰምቷል። ወርቁ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነው፤ ንጉሡም ፀሐይ ከኋላው የወጣችለት ይመስላል ብለውታል። ከዚያ ቀን ወዲህ «እሱን ሳላይ እንዳልሞት» ማለት አመጣ። በጸሎቱ መካከል እንኳ ትዝ ይለው ነበር፤ እንዲህ ያለውን ነገር የሚያውቅ ያውቀዋል።

በዚያው ከተማ አንድ የሳንቲም አዋቂ ነበረ። ደግ ሰው አልነበረም። ትዕቢተኛ ነው፤ ሲናገር አፍንጫውን ይነፋል፤ ሰውን በስሙ አይጠራም፤ የድካሙን ዋጋ ሳይቀበልም ከወንበሩ አይነሣም። ነገር ግን ዓይን ነበረው። ሳንቲም ሲቀርብለት ይህ አንደኛ ደረጃ፣ ይህ ሁለተኛ፣ ይህ ከደረጃ ውጪ እያለ ይለያል፤ ሳንቲም ሰብሳቢዎችም እየጠሉት በቃሉ ያድሩ ነበር።

አንድ ቀን ነጋዴው አስጠራውና ያለውን ሁሉ በጠረጴዛ ላይ ዘረጋለት። አዋቂው መጀመሪያ አዲሶቹን አነሣ። አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ፣ ሳንቲሙን በጠርዙ ብቻ ይዞ፣ ወደ ብርሃን እያዘነበለ መረመረ። አንዱ ላይ የፀጉር ክር የምታህል ጭረት አገኘ። «ሁለተኛ» አለ። ሌላው ላይ በከረጢት ውስጥ ከጓደኛው ጋር ተጋጭቶ ያመጣት ነጥብ አገኘ። «ሦስተኛ» አለ። ነጋዴው ቀርቦ፣ ዓይኑን አጥብቦ ቢያይ፣ ነጥቧ የት እንዳለች እንኳ ማግኘት አቃተው።

ቀጥሎ አሮጌዎቹን አነሣ። መነጽሩን አወለቀ። ከእነዚያ አንዱ ጠርዙ እኩል አልነበረም፤ የንጉሡ ፊት ወደ አንድ ጎን ሸሽቷል፤ አፍንጫው በብዙ እጅ ተዳስሶ ሟሙቷል፤ መልኩም ጥላሸት ሆኗል። አዋቂው ይህን በመዳፉ ላይ አኖረው። ያ የኮሶ ፊቱም ለዘብ አለ። «አንደኛ ደረጃ» አለ።

ይህን ጊዜ የነጋዴው ደም ፈላ።

«ጌታው፣ ያላግጡብኛል እንዴ?» አለ። «ያኛው በአንዲት ጭረት ሁለተኛ ወጣ። ይኸ አፍንጫ የሌለው አንደኛ ይሆናል? ይኸማ መግዣ ቁናና መሸጫ ቁና መያዝ ነው!»

አዋቂው አፍንጫውን ነፋ። «አዲሱን የማየው ከጓደኞቹ ጋር ነው» አለ። «የሳንቲም መምቻ መኪና ነው የመታው። ልኩ አንድ፣ ክብደቱ አንድ፣ ድምቀቱ አንድ። ከተወለደበት ቤት ወጥቶ እርስዎ መስተዋት ሥር ገባ። ምን ደረሰበትና ልማረው? ምንም ያልደረሰበት ነገር ንጹሕ መሆን አለበት። ይኸኛውን ግን ሰው ነው በመዶሻ የመታው፤ መዶሻ የያዘ እጅ ደግሞ ይስታል። ከዚያ ወዲህ ስንት እጅ፣ ስንት ከረጢት፣ ስንት ዘመን አፈር አሳልፏል! እኔ የማየው ከዚያ ሁሉ በኋላ ምን እንደቀረው ነው። ጽሑፉ ይነበባል? ንጉሡ ይታወቃል? ገጹ የራሱ ነው? እነዚህ ካሉ የቀረውን ዕድሜ ወስዶታል። ዕድሜ የወሰደውን ከሳንቲሙ ላይ አልጠይቅም።»

ነጋዴው ግን ነገሩ አልገባ አለው። እሱ ዕድሜውን ሙሉ ሲቃወመው የኖረው ይህንኑ ነው፤ ለአንዱ እንዲህ፣ ለሌላው እንዲያ። የገዛ አባቱ እንኳ በጠባብ ቁና ሲሸጡ ያየበትን ቀን ያስታውሳል። «በቤቴ ያለው ቁና አንድ ነው» አለና የአዋቂውን ዋጋ ከፍሎ አሰናበተው። እርሱም ሳንቲሞቹን ራሱ መዘናቸው። መመዘኛው አንድ ነው፤ ክብ የሆነ፣ የጠራ፣ ጭረት የሌለው። ከአዲሶቹ ብዙዎቹ አለፉ። ከአሮጌዎቹ አንድም አላለፈም። እነሱን በጆንያ ከትቶ ከእህል ጎተራው ጥግ ጣላቸው።

ይህም አልበቃውም። በገበያ ቀን ከሱቁ ደጃፍ ቆሞ አስነገረ። «ከእንግዲህ ሳንቲም ይዞ የሚመጣልኝ ሁሉ ስማ! አሮጌም ይሁን አዲስ፣ የሀብታምም ይሁን የድኻ፣ ክብና ጥርት ያለ ካልሆነ አልገዛም። ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው።» ሰዉም ጭንቅላቱን እየነቀነቀ «እውነትም ይኸ ሰው አያዳላም!» አለ። ምስጋና የማይጥመው ማን አለ? ነጋዴው ያን ቀን ደስ ብሎት ዋለ።

እዚህ ላይ ሰውየውን አትናቀው። ፍርድ የሚወድ ሰው ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ታሪኩን ለአንተ መንገር ምን ያደርግልኛል?

ከከተማው ማዶ ደግሞ አንድ ገበሬ ነበረ። ሁለት በሬዎች ነበሩት፤ አንዱ ገደል ገብቶ ሞተበት። አንድ በሬ የቀረው ሰው መቀናጆ ይፈልጋል፤ እንደ እሱ አንድ በሬ ከቀረው ጎረቤት ጋር በሬ ለበሬ ያጣምድና በፈረቃ ያርሳሉ። ይህም ሰው መቀናጆ አግኝቶ ነበር። ጎረቤቱ ግን ሁለተኛ በሬ ገዛና «በል እንግዲህ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ተለየው። ክረምቱ እየቀረበ ነው። በዚያ አገር በወቅቱ ያላረሰ ሰው መሬቱን ለባለ በሬ በእርቦ፣ የምርቱን ሩብ ብቻ ሊያገኝ፣ ይሰጥና በገዛ ማሳው ላይ እንግዳ ይሆናል። ገበሬው ይህን ፈርቶ ማሳውን በዶማ ይቆፍር ጀመር። ሰው ምን ያህል ይቆፍራል? ወገቡ እስኪንቀጠቀጥ ቆፍሮ የማሳውን ጥግ እንኳ አልጨረሰም።

እንዲህ ሲታገል ሳለ ዶማው ከአፈሩ ጋር አንድ ነገር ገለበጠ። ጎንበስ ብሎ አነሣው። ትንሽ፣ ጠፍጣፋ፣ አረንጓዴ ዝገት የለበሰ ነገር ነው። በምራቁ አርጥቦ በአውራ ጣቱ ጥቂት አሸት ቢያደርገው ከዝገቱ ሥር ቢጫ ነገር ብልጭ አለበት። በከተማው ሳንቲም የሚገዛ ሀብታም መኖሩን ሰምቷል። «በሬዬ ከመሬት ወጣ!» ብሎ ጮኸ፤ ሚስቱም ሮጣ መጣች። በኩታው ጫፍ ቋጥሮ ወደ ከተማ ገሠገሠ።

ነጋዴው የተቋጠረውን ነገር ተቀብሎ ወደ ብርሃን ወጣ አለ። አዘነበለው። ከአፈሩና ከዝገቱ መካከል የንጉሥ ራስ አለ። በራሱ ዙሪያ ወርቅ አለ። ሳላየው እንዳልሞት ያለው ነገር በመዳፉ ላይ ነው። ስንት ትፈልጋለህ ሊል አፉን ከፈተ።

ያን ጊዜ በደጁ የቆሙት ሰዎች ታዩት። ገበያተኛ ናቸው፤ ወሬም ሸቀጥ ነውና ሊያዩ ቆመዋል። ከእነሱ መካከል አንዱ የዚያኑ ዕለት ጠዋት ያረጀ ጠገራ አምጥቶ «አልጠራም» ተብሎ የተመለሰ ሰው ነው። ሰውየው እጁን አጣምሮ ያየዋል። ነጋዴው መዳፉን እንደገና ተመለከተ። ሳንቲሙ ክብ አይደለም። ፊቱ ወደ ጎን ሸሽቷል። ዝገት ወርሶታል። ይህን ቢቀበል ያ ሰው ምን ይላል? ለራሱ ሲሆን ቁናውን አሰፋው አይልም?

«አልጠራም» አለ ነጋዴው። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት።

«ምን ጎደለው ጌታዬ?» አለ ገበሬው።

ነጋዴው በመስተዋት ሥር የተደረደሩትን አዲሶች በእጁ አመለከተው። «እነዚህን ታያለህ? የእነዚህ ደንብ ያንተም ደንብ ነው። እንደ እነዚህ ካልሆነ አልገዛም።»

ገበሬው ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ። እንደዚያ የሚያበራ ነገር በዕድሜው አላየም። አንዱን ከሌላው ለመለየት ሞክሮ አቃተው። «ገባኝ ጌታዬ» አለና ሳንቲሙን መልሶ በኩታው ጫፍ ቋጠረ። እጅ ነሥቶ ሄደ። በደጁ ያሉትም «ደንብ ማለት ይኸ ነው» እየተባባሉ ተበተኑ።

ነጋዴው ምሳ ቀርቦለት አልበላም። ገበሬው ከደጁ ከወጣ ጀምሮ ልቡ አብሮት ሄዷል። እህል የሚሰፍሩት ሠራተኞቹ ሲጠሩት አይሰማም፤ ሲሰማም ሌላ ይመልሳል። ደንቡ ትክክል ነው እያለ ራሱን አጽናና። ወዲያው ደግሞ ያ ቢጫ ብልጭታ ይመጣበታል። በሁለተኛው ቀን አላስችለው አለና ያባረረውን የሳንቲም አዋቂ አስጠራ። ለሀብታም ሰው ይህ ቀላል አይደለም፤ ያውም ለዚያ አፍንጫ ነፊ።

«አየሁት» አለው ነጋዴው። «ወርቅ ያለውን አየሁት። በእጄ ይዤ መለስኩት።»

አዋቂው ለመጀመሪያ ጊዜ አፍንጫውን አልነፋም። «ወርቁ አለበት?»

«አለበት።»

«ሙሉ?»

«እንጃ፤ አፈር ለብሷል። ግን ዙሪያውን አለ። ለሕዝብ የተናገርኩትን ደንብ እንዴት አድርጌ ልጠፍ?»

«ደንቡን ያወጣው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ቢያፍሩ አንድ ቀን ነው የሚያፍሩት» አለ አዋቂው። «ይልቅ በቅሎ ያስጭኑ። ነገ ማለዳ አብሬዎት እሄዳለሁ። ዋጋም አልቀበልዎትም።» ይህን ያለው ትዕቢተኛው ሰው ነው፤ ከዚህ የሳንቲሙን ነገር እወቀው።

በማግሥቱ በቅሎዎቹ ተጭነው ነጋዴው እግሩን ወደ እርካቡ ሲያነሣ፣ ገበሬው ራሱ ከነሚስቱ ብቅ አለ። ሁለቱም ታጥበው፣ የክት ልብሳቸውን ለብሰዋል። ፊታቸው በደስታ ፈክቷል። ነጋዴው ሲያያቸው እግዚአብሔር ምስኪን ልቡን አይቶ ሳንቲሙን ከደጁ ያመጣለት መሰለው። በዚያች ቅጽበት ደንቡን ረሳ፤ ሰዉንም ረሳ። «ና ወንድሜ፣ ና ግባ! እኔ እኮ ወዳንተ መንገድ ጀምሬያለሁ» አለ።

«ይኸው ጌታዬ፣ ጠራልዎት» አለ ገበሬው።

ሚስቱ ከንጹሕ ጨርቅ ፈትታ ሳንቲሙን በነጋዴው መዳፍ ላይ አኖረችው። ያበራል። በመስተዋቱ ሥር ካሉት አዲሶች እኩል ያበራል፤ ነሐሱ እንደ ተወለወለ ጽዋ ቀልቷል። የንጉሡ ፊት ለስልሶ ጠፍቷል። በራሱ ዙሪያ ምንም የለም።

ነጋዴው ሳንቲሙን ገለበጠው፣ መልሶ ገለበጠው። «ምንድን ነው ያደረጋችሁት?» አለ።

ሚስቲቱ የተመሰገነች መስሏት ኮራ ብላ መለሰች። «ያው የብር መስቀላችንን ለጥምቀት እንደምናሰናዳው ነው ጌታዬ። በሎሚ ዘፍዝፌ አሳደርኩት። ከዚያ በአመድ አሸሁት። ዝገቱ እምቢ ሲለኝ በወንዝ አሸዋ ፈተግሁት፤ ወገቤ ተቆረጠ! ላይ ላዩን አንድ ቢጫ ነገር ተጣብቆበት ነበር፤ እሱም በስንት መከራ ለቀቀልኝ። ለጌታ ሰው ያደፈ ነገር ይሰጣል እንዴ?»

አዋቂው እጁን ዘርግቶ ሳንቲሙን ወሰደ። መነጽሩን አላወጣም። አንዴ አየው፤ በነጋዴው መዳፍ ላይ በግንባሩ ደፍቶ መለሰለት። «ደረጃ የለውም» አለ። «ቢሟሟ አንደኛ እለው ነበር፤ ጠርዙ ቢጎመድም ቦታ አላጣለትም ነበር። አዲስ ልምሰል ብሎ የተፈተገን ግን የት አኖረዋለሁ? አሮጌ አይደል፣ አዲስ አይደል።»

ነጋዴው እንደ እብድ ሆነ። «ማነው እንዲህ አድርጉ ያላችሁ?» ብሎ ጮኸ። «ማን አዘዛችሁ?»

ገበሬው ግራ ገባው። ሚስቱን አየ፣ ነጋዴውን አየ።

«እርስዎ ነዎት እንጂ ጌታዬ» አለ። «እንደ እነዚህ ካልሆነ አሉኝ፤ መስተዋቱን አሳዩኝ። እኛ ምን እናውቃለን? የእርስዎ ቁና ጎዶሎ የለውም ሲባል ነው የምንሰማው። ጎደለ ካሉ ጎድሎ ነው ብለን አመንን።»

ነጋዴው እዚያው በበቅሎው ኮርቻ ላይ ተደግፎ አለቀሰ፤ ሰው አየኝ አላየኝ አላለም። ብዙ ቆይቶ ወደ ውስጥ ገባና የአንድ ደህና የእርሻ በሬ ዋጋ ይዞ ወጥቶ በገበሬው እጅ አኖረ።

«ለዚህ ነው ጌታዬ?» አለ ገበሬው። «እኒህ ሰውዬ ከንቱ ነው ብለው የለም?»

«ዋጋው ነው» አለ ነጋዴው። «በመጀመሪያው ቀን ስታመጣው ዋጋው ይህ ነበር። ከዚያም ይበልጥ ነበር።»

ገበሬው አሁን ገባው። ሚስቱም ገባት። ሁለቱን እጆቿን አየች፤ በአመድና በአሸዋ የተላጡትን ጣቶቿን። ነጋዴውን ከሁሉ ይልቅ የቆረጠው ይህ ነው። ገንዘቡን ሲሰጥ ያልተሰማው ነገር፣ እሷ እጇን ስታይ ተሰማው።

በሬው ተገዛ፤ ማሳውም በክረምቱ ታረሰ። ነጋዴው ከጎተራው ጥግ ጆንያውን አውጥቶ አሮጌዎቹን ሳንቲሞች ወደ ቦታቸው መለሰ፤ በገበያም ቆሞ ደንቡን ሻረ። አንዳንዱ ሳቀበት፤ ያ እጁን አጣምሮ የነበረውም ሰው የበኩሉን ተናገረ። ጤፉን ግን እስኪሞት ድረስ በዚያችው በአንዲቱ ቁና ሰፈረ። ወርቁ በወንዝ አሸዋ ውስጥ ቀረ፤ ማንም አያገኘውም።

እንግዲህ ልጄ፣ ነጋዴው አንተ ነህ። ቁናህ እውነተኛ ነው፤ ይህን ማንም አይነሣህም። ጤፍ ስትሰፍር በእሷ ስፈር። ሰው ፊትህ ሲቀርብ ግን መጀመሪያ ከየት እንደመጣ ጠይቅ።

ለወጣቱ አታላላለት። ምክንያት አትፈልግለት። ድምፁ ሙሉ ነው፣ ጆሮው ክፍት ነው፣ መምህሩ በሕይወት አለ፤ የዘነጋውን ዛሬ ሄዶ ቢጠይቅ ነገ ይመልሳል። ገና ማንም አልተገለገለበትም፤ ለማንም አልደከመም። እሱ ላይ ያለች አንዲት ስሕተት የስንፍና ስሕተት ናትና ጣለው። ተምሮ ይምጣ። ለእሱም የሚሻለው ይኸው ነው።

ሽማግሌውንም በደፈናው እለፈው አላልኩህም። እሱ ራሱ የሚጠየቅበት አለው፤ ያውም ከባድ። ዜማውን ከአባቶቹ እንደተቀበለው ይዟል ወይስ ለደከመ ጉሮሮው ሲል አሳጥሮ ለወጠው? የረሳውን ረሳሁ ይላል ወይስ በሌላ ይሸፍናል? ለውጦት ከሆነ፣ ሸፍኖት ከሆነ፣ ከወንበሩ አንሣው፤ እኔም ወጥቼ አልሟገትለትም። ዕድሜ የወሰደበትን ግን ከእሱ ላይ አትጠይቅ። እሱ አልወሰደውማ።

አሁን ደግሞ ስማኝ፤ ታሪኩን የነገርኩህ ለጨዋታ አይደለም። በመጪው ጉባኤ አሮጌም አዲስም በአንድ ፈተና ይቆማል፣ የወደቀ ከወንበሩ ይነሣል ብለህ ማስነገርህን ሰምቻለሁ። ሰዉም «ይኸ ልጅ አያዳላም» እያለ ነው፤ ይህንንም ሰምቻለሁ። መሪጌታ ላእከ ትላንት እኔ ዘንድ መጥቶ ነበር። አዎ፣ አንተን ዜማ ያስቆጠረህ መሪጌታ ላእከ። ተቀመጥ ብለው አልቀመጥ አለ። በሹክሹክታ «ለድምፅ የሚሆን ሥር ታውቃለህ ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጆሮዬን አላመንኩም። ይኸ በሰው ፊት አንገቱን ደፍቶ የማያውቅ ሰው ነው። ከደብሩ ኋላ ካለው ኮረብታ፣ ሰው ከማይሰማው ቦታ እየወጣ፣ ድምፄን ላጠንክር ብሎ ሲጮህ ሰንብቷል። መሀረቡን አሳየኝ፤ ደም አለበት። «ምን ላድርግ?» አለኝ። «እንደ ልጆቹ ካልጮህኩ ያነሡኛል።»

ያ ድምፅ የት እንደሄደ አስበህ ታውቃለህ? ዜማ ስትጀምር ጆሮህ ድፍን ነበር፤ ይህን የነገረኝ እሱ ነው፣ እየሳቀ። አንዲቱን ቃል ደግሞ፣ ደጋግሞ፣ አንተ እስክትይዛት ድረስ ጮኸልህ። ከአንተ በፊት ለሌላው፣ ከአንተ በኋላም ለሌላው እንዲሁ ጮኸ። በጉባኤው ፊት ቆመህ ስታዜም ሰው የሚያደንቅልህ ጉሮሮ ያንተ ብቻ እንዳይመስልህ፤ ከእሱ የጎደለው እዚያ ነው ያለው።

በል ተነሥ። ጉባኤውን አትጠብቅ፤ መልእክተኛም አትላክ። በእግርህ ኮረብታው ላይ ውጣና «መሪጌታ፣ ይውረዱ፤ የምንጠይቅዎ ድምፅዎን አይደለም» በለው። ፍጠን ልጄ፤ ይህን ስናወራ እንኳ እዚያ ሆኖ እየጮኸ ነው።